ስም አንድ፥ ነገሩ ግን ብዙ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን የዛሬውን ማታ የንግግር ተራ ሲሰጠኝ፥ ከተወለድሁበት አገር ከጋይንት፥ ከጎረቤቶቹም ከስማዳና ከእስቴ አንድ ነገር አምጥቼ እንድናገር ታዝዣለሁ። ያመጣሁላችሁ ነገር ማር ወይም ጤፍ አይደለም፤ ስም ነው። ርእሴም ይህ ነው፤ አንድ ስም ለብዙ የማይዛመዱ ነገሮች ሲሰጥ ምን ይሆናል? ሲሰሙት እንደ ልጆች እንቆቅልሽ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ዕቃ መንገድ ይስታል፥ ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ይጠየቃል፥ ከሁሉም ይልቅ ክርክራችን መሠረቱን ያጣል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ያህል ብታዳምጡኝ ጊዜያችሁ በከንቱ አይጠፋም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ፥ መልአኩ አንዳንድ ቀን ሥራ ሲበዛበት ያንኑ ስም ለአራትና ለአምስት ቦታ እያከፋፈለ አልፏል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ቤተ ልሔምን እንውሰድ። ቤተ ልሔም ሲባል ብዙዎቻችሁ ጌታ የተወለደባትን የይሁዳን ከተማ ታስባላችሁ። የጋይንት ካህን ግን ቤተ ልሔም ሲል ድጓን ያስባል። በጋይንት ቤተ ልሔም የምትባል ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የድጓ ተማሪዎች የሚያስመሰክሩባት ስለሆነች የዜማው ስልት እንኳ በስሟ ይጠራል። ሦስተኛው ቤተ ልሔም በየአጥቢያው ይገኛል፤ ይኸውም ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት። አራተኛዋ ቤተ ልሔም ደግሞ ምናልባት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ታዳምጠኝ ይሆናል፤ የእኅቶቻችን ስም ነውና። እንግዲህ «ዲያቆኑ ቤተ ልሔም ነው ያለው» ብሎ አንድ ሰው ቢነግራችሁ፥ ዲያቆኑ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ባሕር ተሻግሯል ወይስ ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት ወርዷል ወይስ እዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ኅብስት ይጋግራል? ከስሙ ብቻ ተነሥቶ ማንም ሊመልስ አይችልም።

ነገር ግን እነዚህ ቤተ ልሔሞች ፈጽመው ባዕዳን አይደሉም። በዕብራይስጥ ቃሉ የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ ስለዚህ ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሿ ቤት ስሙ ቃል በቃል ይስማማታል። የጋይንቷ ቤተ ልሔም ደግሞ በአክብሮት በቅድስት አገር ስም ተጠርታለች። ይህ የአንድ ስም ብዙነት የመጀመሪያው ዐይነት ነው፤ እኔ «የአደራ ስም» እለዋለሁ፤ ከሩቅ አገር ታውቆና ተፈልጎ የመጣ ስም ማለቴ ነው። የዞናችን ዋና ከተማ ደብረ ታቦርም እንዲሁ ናት። ታቦር በገሊላ ያለ ተራራ ነው፤ በነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው የቡሄ በዓልም ደብረ ታቦር ይባላል፤ ከተማይቱም ደብረ ታቦር ናት። ተራራ፥ በዓልና ከተማ በአንድ ስም ይጠራሉ።

በአደራ የመጣ ስም ሁሉ ግን ከቅድስት አገር አልመጣም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ያሠሩትን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ሴባስቶፖል ብለው ሰየሙት። ሴባስቶፖል በክሪሚያ ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 በእንግሊዞች፥ በፈረንሳዮችና በቱርኮች ተከባ በመላው ዓለም ስሟ የተሰማ ናት። ይህ መድፍ ዋድላንና ደላንታን አቋርጦ፥ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። በካሊፎርኒያም ሴባስቶፖል የምትባል ሌላ ከተማ አለች። እንግዲህ በአንድ ስም የሩሲያ መርከብ የቆመበት ወደብ፥ የአሜሪካ ከተማና በሰው ትከሻና ክንድ ተጎትቶ መቅደላ የወጣ ብረት ይጠራሉ።

ሁለተኛው ዐይነት «የመልክ ስም» ነው። ሰው ቦታውን እንዳየው ይሰይመዋል፤ በሌላ አገር ያለ ሌላ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ስላየ ሳይማከሩ በአንድ ስም ይገናኛሉ። የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ትባላለች። በደራ ወረዳም አርብ ገበያ አለች። አንዲቱ ሌላዪቱን አልወለደቻትም፤ ሁለቱም ገበያቸው አርብ ስለሚውል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ስም ስለ ቦታው የሚነግረን ቀኑን እንጂ አድራሻውን አይደለም። ለአገሩ ሰው ይህ ይበቃው ነበር፤ ምክንያቱም ገበሬው በእግሩ ሊደርስበት የሚችለው አርብ ገበያ አንድ ብቻ ነው። ችግሩ የመጣው በስሙ ምክንያት ሳይሆን መኪናና ደብዳቤ፥ ስልክና ካርታ የሩቁን አርብ ገበያ ከቅርቡ ጋር ስላገናኙት ነው። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫም እንዲሁ በመልኩ ተሰይሟል፤ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ስሙ ለምን እንደተሰጠ ከጆሮው በፊት ጋቢው ያውቀዋል። «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ቃላት ራሳቸው የመልክ ስሞች ናቸው፤ ጋይንት አንድ አውራጃ በነበረበት ዘመንም፥ ሁለት ወረዳዎች በሆነበት በዛሬውም ጊዜ ሰውን የሚለዩት እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛው ዐይነት «የአጋጣሚ ስም» ነው። ይህ ከሁሉ የበለጠ አታላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የእስቴ ጎረቤት የሆነውን ደራን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዋና ከተማው አንበሳሜ ነው። ነገር ግን በሰሜን ሸዋ በኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማው ጉንዶ መስቀል የሆነ ሌላ ደራ አለ። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይም ደራ የምትባል የአርሲ ከተማ አለች። በዚህ ላይ «ገበያው ደራ» ስንል ቃሉ ሥራን ያመለክታል። አሁን ለደራ ጤና ጣቢያ የሚሄድ መድኃኒት ጭነህ ሂድ የተባለ ሾፌር ወረቀቱ ላይ «ደራ» ብቻ ተጽፎ ቢያገኝ፥ በሦስቱ ደራዎች መካከል ያለው ስሕተት የቀናት መንገድ ነው፤ ለታመመው ሰው ግን ቀናት የሚቈጠሩት በኪሎ ሜትር አይደለም።

ከእስቴ፥ ከፋርጣና ከላይ ጋይንት መካከል ቆሞ የሚታየው የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአገራችን ኩራት ነው። ይሁን እንጂ በአርሲም ጉና የሚባል ወረዳ አለ፤ በሕንድ አገር በማድያ ፕራዴሽም ጉና የምትባል ከተማ አለች። የሕንዲቱን ጉና ከእኛ ጉና ጋር ለማዛመድ የሚደፍር ካለ፥ ከድምፁ በቀር ምን ማስረጃ እንዳለው እጠይቀዋለሁ። ጣናም እንዲሁ ነው፤ ሐይቃችን ጣና ነው፤ በኬንያ የሚፈሰውም ትልቅ ወንዝ ጣና ነው።

የእስቴ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በሰሜን ኢጣልያ በፓዶቫ አጠገብ እስቴ የምትባል ከተማ አለች። ፌራራን ለብዙ ዘመን የገዙት መሳፍንት ስማቸውን ያገኙት ከእርሷ ነው። እንግዲህ ድምፅን ብቻ የሚከተል ሰው «የእስቴ ሰዎች ከኢጣልያ መጥተዋል» ብሎ ታሪክ ሊጽፍልን ይችላል፤ ወይም በተራው የእስቴ ሰው «ኢጣልያን ያቀናነው እኛ ነን» ሊል ይችላል። ነገር ግን የኢጣልያይቱን እስቴ ጥንታዊ ስም ብንጠይቅ አቴስቴ ሆኖ እናገኘዋለን። ሁለቱ ስሞች ዛሬ ቢመሳሰሉም ወደ ኋላ በሄድን መጠን ይለያያሉ። ከዚህ አንድ ሕግ እንማራለን፤ ዝምድና ያላቸው ስሞች ወደ ኋላ ሲሄዱ ይቀራረባሉ፥ በአጋጣሚ የተመሳሰሉት ግን ወደ ኋላ ሲሄዱ ይራራቃሉ።

የዚህም ተቃራኒ አለ፤ በመልክ የተለያዩ ሆነው ዘመዳሞች የሆኑ ቃላት ማለቴ ነው። ደብተራ በግእዝ ድንኳን ማለት ነው፤ በአማርኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና ማኅሌታይ ነው። በእጃችሁ የያዛችሁት ደብተር ደግሞ በፋርስና በዓረብ በኩል የመጣ ቃል ነው። ድንኳንና የተማሪ ደብተር ምን ያገናኛቸዋል? የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱንም ወደ አንድ የግሪክ ቃል ይመልሷቸዋል፤ ይኸውም ዲፍቴራ፥ ቁርበት ማለት ነው። ቁርበት ይወጠራል፥ ድንኳን ይሆናል፤ ቁርበት ይፋቃል፥ ብራና ይሆናል። ስለዚህ መመሳሰል ዝምድናን አያረጋግጥም፥ አለመመሳሰልም ዝምድናን አይከለክልም። ስም ጥያቄ ያስነሣል እንጂ መልስ አይሰጥም።

አሁን ወደ ተቋማት ስም እንሻገር። የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ትባላለች። በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መካነ ኢየሱስ ትባላለች፤ ዋና ጽሕፈት ቤቷ በአዲስ አበባ ነው። የእስቴ ልጅ በአዲስ አበባ «ከመካነ ኢየሱስ ነው የመጣሁት» ቢል፥ ሰሚው ሃይማኖቱን የነገረው ይመስለዋል፤ እርሱ ግን የነገረው የትውልድ ከተማውን ነው። ይህ ዛሬ ሊያስቀን ይችላል። ነገር ግን ሰውን በአንዲት ቃል መርምሮ የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ ዘበኛ በቆመበት ቦታ ሳቁ በቶሎ ይጠፋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ስለ ቦታ የተናገርሁት ስለ ሰው ከምናገረው ይቀልላል። የአገራችን ታሪክ በአንድ ስም በሚጠሩ ሰዎች የተሞላ ነው። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት የቋራው ካሣ ነበሩ። በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዮሐንስ ተብለው የነገሡትም የትግራዩ ካሣ ነበሩ። ሁለቱም በደብረ ታቦር ተቀምጠው ገዝተዋል። ጊዜውን ያልለየ ተማሪ በደብረ ታቦር «ካሣ» የሚል ወሬ ቢሰማ የአንዱን ሥራ ለሌላው መስጠቱ አይቀርም።

ስለ ጉግሳ የሚነገረው ደግሞ ይብሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉ የየጁው ራስ ጉግሳ ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ የበጌምድር ገዥ የነበሩት የንግሥት ዘውዲቱ ባል ራስ ጉግሳ ወሌ ሌላ ሰው ናቸው፤ እርሳቸውም በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ በዚያ ቀን አውሮፕላን በሰማይ ላይ ነበረ። ሦስተኛው የትግራይ ራስ ጉግሳ አርአያ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ስትወርር ከጠላት ጋር የተቀላቀለው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ የዚህ የሦስተኛው ልጅ ነው። ስሙን ተመልከቱ፤ የራሱ ስም የንጉሠ ነገሥቱ የአማቱ ስም ነው፥ የአባቱ ስም ደግሞ ከሌሎች ሁለት ራሶች ጋር አንድ ነው። እንግዲህ «የጉግሳ ልጅ ከዳ» የሚለውን ወሬ የሰማ ሰው፥ ስድስት ዓመት ቀድመው አንቺም ላይ የሞቱትን የበጌምድሩን ጉግሳ ቤት ቢኰንን ምን ይደረጋል? የሰማው ወሬ እውነት ነው፤ የፈረደው ፍርድ ግን ሐሰት ነው። እኔ የምፈራው ይህን ዐይነቱን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ውሸት ያልተነገረበት ሐሰት ስለሆነ ማንም አይመረምረውም።

አባቶቻችን ይህን ችግር ዐውቀው መድኃኒት አበጅተውለት ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ካሣና ካሣ ሊምታቱ ይችላሉ፤ አባ ታጠቅና አባ በዝብዝ ግን አይምታቱም። ሁለተኛው መድኃኒት የአባት ስም ነው። «ጉግሳ ወሌ»፥ «ጉግሳ አርአያ» ሲባል ነገሩ ይጠራል። በዚሁ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1753 የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ ለዕፅዋት ሁሉ ሁለት ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጣቸው፤ አንደኛው ቃል የዘመዶቹ ሁለተኛው የራሱ ነው። እኛ ግራር በሚል አንድ ቃል ብዙ ዐይነት እሾኻም ዛፍ እንጠራለን፤ ለማገዶ የሚፈልገው ሰው ይህ ይበቃዋል፥ ለመድኃኒት የሚፈልገው ግን በአንድ ቃል ተማምኖ ቅጠል ቢቀጥፍ ሕይወቱን በግምት ላይ ያደርጋል።

የበሽታም ስም እንዲሁ ነው። በአገራችን «ምች መታኝ» የሚል ሰው አንዱ ከንፈሩ ቈስሎ ነው፥ አንዱ ራሱን አሞት ነው፥ ሌላው ትኵሳት ይዞት ነው። በበሽሎና በዓባይ ቈላ ወርዶ የተመለሰ የስማዳ ገበሬ «ምች ነው» ብሎ በዳማ ከሴ ብቻ ቢታሽ፥ ያመመው ወባ ከሆነ ስሙ ገደለው ማለት ይቻላል። የሕክምና ተማሪዎች የሆናችሁ ጓደኞቻችን በሽተኛው የሚሰጣችሁን ስም እንደ መልስ ሳይሆን እንደ መግቢያ በር ተቀበሉት። አትናቁት፥ ነገር ግን በሩ ላይ አትቁሙ።

የሕግ ተማሪዎችስ? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ይመታል» ብለን ስንጽፍ መችው ወይስ ተመችው? ሲላላ ሌላውን የሚመታ ነው፤ ሲጠብቅ በሌላ የሚመታ ነው። ምስክሩ በቃሉ ለይቶ ተናግሯል፤ ጸሐፊው በወረቀት ላይ አንድ አድርጎታል፤ ይግባኝ የሚመለከተው ዳኛ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። በአንድ ጭረት የማይታይ ጥብቀት በዳይና ተበዳይ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ዓባይ ትልቁ ወንዝና አባይ ውሸታሙ ሰውም በጥንቱ አጻጻፍ በፊደል ይለዩ ነበር፤ ዛሬ በችኰላ ስንጽፍ አንድ ሆነዋል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ያለፈ ነው፤ ቁጥር ይፈታዋል» ትሉኝ ይሆናል። ለዚህ አስተያየት ተገቢውን ክብር እሰጣለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ፤ ፋይዳ በሚባለው መታወቂያ እያንዳንዱ ሰው 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ያገኛል። ይህ መልካም ነው፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎችን በባንክና በመዝገብ ቤት ይለያል። ፋይዳ የሚለው ቃል ራሱ ጥቅም ማለትም ስለሆነ «ፋይዳ የለውም» የተባለ ሰው መታወቂያ ያጣ ይሁን ጥቅም ያጣ መጠየቃችን አልቀረም እንጂ!

ነገር ግን ቁጥርም ከዚህ ደዌ ነጻ አይደለም። «ቀበሌ 01» በስንት ከተማ አለ? ቁጥር ያለ መዝገቡ ከአርብ ገበያ የባሰ ባዶ ስም ነው፤ አርብ ገበያ ቢያንስ ቀኑን ይነግረናል። ደግሞም ቁጥር የሚለየው ሰውየውን ከሌላው ነው እንጂ ሰውየው ማን እንደሆነ አይነግረንም።

ሌሎች «ስሙን ለውጠን እንገላገል» ይላሉ። ይህም ተሞክሯል። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፥ አዳማ ናዝሬት ተብለው ነበር፤ ኋላም ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመለሱ። ውጤቱ ምን ሆነ? አንድ ስም ለሁለት ቦታ የነበረው ቀርቶ አንድ ቦታ ሁለት ስም ያለው ሆነ፤ አዛውንቱ በአንዱ፥ ልጁ በሌላው ይጠራዋል። ስም የሚኖረው በዐዋጅ ላይ ሳይሆን በሰው አፍ ላይ ስለሆነ በአንድ ቀን ተነቅሎ አይወጣም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ደርሻለሁ፤ ይኸውም የሐሳብ ስም ነው። አርስጣጣሊስ «ምድቦች» በተባለው መጽሐፉ ከሁሉ አስቀድሞ የተናገረው በአንድ ስም ስለሚጠሩ የተለያዩ ነገሮች ነው። እውነተኛው ሰውና በሥዕል ላይ ያለው ሰው በግሪክ አንድ ስም ነበራቸው፤ ትርጉማቸው ግን አንድ አይደለም። ፈላስፋው ከዚህ የጀመረው ይህ ሳይጠራ ሌላው ክርክር ስለማይጠራ ይመስለኛል።

እኛ በዚህ ማኅበር ውስጥ «ተማሪ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንጠራዋለን። በጋይንት ግን ተማሪ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቦ፥ የመንደሩን ውሻ በበትር እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቈሎ ተማሪ ነው። ድጓውን በቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕቱን በዙር አምባ የሚማረው እርሱ ነው። እኛ ስለ «ተማሪው መብት»፥ ስለ «ተማሪው ችግር» ስንናገር እርሱን ጭምር ማለታችን ነውን? ማለታችን ከሆነ ስለ እርሱ አንድ ቀን እንኳ በዚህ አዳራሽ አልተነጋገርንም። ማለታችን ካልሆነ ደግሞ በስሙ መጠቀማችንን ልናውቀው ይገባል። አንዱ በስምንት ሰዓት ምሳ ዘገየብኝ ይላል፥ ሌላው ዕለቱን ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ አካፍሎ ይበላል፤ ሁለቱም ተማሪ ይባላሉ።

«ሕዝብ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አንዱ ተናጋሪ ሕዝብ ሲል የአገሩን ሰው ሁሉ ማለቱ ነው፥ ሁለተኛው የራሱን ወገን ብቻ ማለቱ ነው፥ ሦስተኛው በአደባባይ የተሰበሰበውን ማለቱ ነው። ሦስቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ያድራሉ፤ ሲነጋ የተጣሉት በሐሳብ ሳይሆን በአንድ ቃል ውስጥ በተደበቁ ሦስት ነገሮች መሆኑ ይታወቃል። ወይም ከዚህ የከፋው ይሆናል፤ ሳይስማሙ የተስማሙ መስሏቸው አጨብጭበው ይለያያሉ።

«ጎንደሬ» የሚለውንም አስቡ። ጎንደር ከተማ ነው፥ ጎንደር የቀድሞ ክፍለ ሀገር ነው፥ ጎንደር ዛሬ የብዙ ዞኖች ስም ነው። የስማዳው ገበሬ የጎንደርን ከተማ አይቶ ሳያውቅ ጎንደሬ ይባላል፤ ከተማው ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነጋዴም ጎንደሬ ይባላል። ስለ አንዱ የሰማነውን ክፉ ወይም ደግ ነገር በሌላው ላይ የምንጭነው ስሙ ስላገናኛቸው ብቻ ነው። ይህ በእኛ አገር ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የየክፍሉ ልጆች ሁሉ በየአገራችሁ ስም የሌላ ሰው ዕዳ ተሸክማችኋል። በዘመናችን ሰው በስሙና በትውልድ ቦታው ብቻ ተለይቶ መከራ ሲደርስበት ሰምተናል። በዚያ ሰዓት የጠያቂው ስሕተት ከሾፌሩ ስሕተት ጋር አንድ ዐይነት ነው፤ ወረቀት ላይ ያለውን ስም አንብቦ የት እንደደረሰ ያወቀ መሰለው። ልዩነቱ የሾፌሩ ስሕተት በማግሥቱ መንገድ ይታረማል፥ ይህኛው ግን አይታረምም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማኅበራችን ቢቀበለው ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ በማኅበሩ መዝገብና ማስታወቂያ ሁሉ የአባላት ስም እስከ አያት ይጻፍ። በየጊዜው በሚለጠፉት ዝርዝሮች ላይ በአባት ስም ጭምር አንድ የሆኑ ተማሪዎች እንዳሉ ሁላችሁም ታያላችሁ። የአንዱ ማርክ ወይም ደብዳቤ ለሌላው እንዳይሄድ ይህች ትንሽ ቀለም ትበቃለች።

ሁለተኛ፥ በመጪው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደየወረዳችን ስንሄድ የቦታ ስሞችን ጽፈን እንምጣ። ስሙን ብቻ ሳይሆን ወረዳውን፥ ቀበሌውን፥ በአጠገቡ ያለውን ወንዝ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፥ ሽማግሌዎቹ ስለ ስሙ የሚሉትን፥ ሌላም ስም ካለው ያንን እንጻፍ። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ምልክት እናድርግበት። እ.ኤ.አ. በ1947 ቮልፍ ሌስላው የጋፋትን ቋንቋ ሊመዘግብ ሲመጣ ያገኘው አራት ተናጋሪዎች ብቻ ነበር። ጋፋት የሚለው ስም በደብረ ታቦር አጠገብ ዛሬም አለ፤ ስሙ ብቻውን ግን አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይነግረንም። ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ እንጠይቃቸው።

ሦስተኛው ወጪ የለውም፥ ነገር ግን ከሁሉ ይከብዳል። በዚህ መድረክ ላይ የሚቆም ሁሉ «ሕዝብ»፥ «ነጻነት»፥ «ልማት»፥ «ተማሪ» ብሎ ከመጀመሩ በፊት «በዚህ ቃል የምለው ይህን ነው» ብሎ ይጀምር። ሰሚውም ከማጨብጨቡ ወይም ከመቃወሙ በፊት «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ድንቍርና የሚመስለን ልማድ ይቅርልን። በጋይንት የቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ አልፎ ቢሄድ መምህሩ ይመልሰዋል፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር መያዙን ማወቅ የሊቅነት መጀመሪያ እንጂ ማፈሪያ አይደለም። እኛም በዘመናዊው ትምህርት ቤት የተማርን ይህን ያህል ጥንቃቄ ከአባቶቻችን ብንወርስ ምን ይጐድልብናል?

ጥያቄ ያለው ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ ስሙን ሲነግረኝ ግን እስከ አያቱ ይንገረኝ።